አሮጌ ሀይብሪድ ለኮረኮንች፦ ብሩ መሪ ላይ አይውጣ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ባህር ዳር አባይ ማዶ ነው የምኖረው፣ አጎቴ ወደ ውጭ ሲሄድ ትቶልኝ የሄደ አንድ አሮጌ ሀይብሪድ ሳይክል (የኮርሳና የማውንቴን ቅይጥ) አለኝ። ጎማው 700 በ35 ይላል፣ ማርሹ 3 በ7 ነው (ፊት ሦስት፣ ኋላ ሰባት)፣ ፍሬኑ ቪ-ብሬክ፣ የፊት ሹካው ደሞ ስፕሪንግ ያለው ነው። አሁን ልጆቹ ሁሉ ግሬቭል ግሬቭል ይላሉ፣ ያ ለኮረኮንች ተብሎ የሚሰራውን ሳይክል ማለታቸው ነው፣ እኔ አስተማሪ ነኝ አዲስ የምገዛበት አቅም የለኝም፣ ግን እሁድ እሁድ ወደ ዘጌም ወደ ጢስ አባይ አቅጣጫም ወጣ ብዬ ኮረኮንቹን መንዳት እፈልጋለሁ። መሪውን አውጥቼ እንደ ኮርሳ ወደታች የታጠፈውን ላስገባ አስቤ አንድ ሳይክል ሰሪ ጠየቅኩት፣ "ቀላል ነው፣ በግማሽ ቀን እጨርሰዋለሁ" አለኝ። ልስጠው?

መልስ፦ አትስጠው ወንድሜ፣ ቢያንስ ለመሪ ብለህ አትስጠው። ሰው ግሬቭል ሳይክል ሲያይ መጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ያ የታጠፈ መሪ ስለሆነ ብሩን እሱ ላይ ያፈሳል፣ ኮረኮንች ላይ ግን የሚሸከምህ ጎማው ነው፣ ዳገት የሚያወጣህ ደሞ ቀላሏ ማርሽ ናት። እቃው ሁሉ ከውጭ ነው የሚገባው፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደሞ አንዴ ተሳስተህ ከገዛህ ሌላ ለመግዛት ስንት ደሞዝ እንደምትጠብቅ አንተው ታውቀዋለህ። ሳይክሏ አሮጌ ናት ብለህም አትፈር፣ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ያ የታወቀው የግሬቭል ውድድር በፈረንጆቹ 2006 ሲጀመር ግሬቭል ተብሎ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ሳይክል የት ነበረና፣ ሰው ባለው ሳይክል ነው 200 ማይሉን የነዳው።

ሰሪህ ቀላል ያለው ነገር ለምን ቀላል እንዳልሆነ ልንገርህ። ያንተ ቪ-ብሬክ ክንዶቹ ረጃጅም ናቸው፣ የፍሬን ጎማው ቸርኬው ጋ እንዲደርስ ብዙ ሽቦ መሳብ አለበት፣ አሁን ያለው የፍሬን እጀታህም ለሱ ስለተሰራ ብዙ ይስባል። የኮርሳ እጀታ የሚስበው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱን ስታገናኛቸው እጀታውን ጭምቅ አርገህ መሪው ጋ አጣብቀኸው የኋላው እግር (ቸርኬው ከነጎማው) አሁንም ይዞራል፣ ይሄን ደሞ ቁልቁለት ላይ ባታውቀው ይሻላል። ሰሪው እንዲይዝልህ ብሎ የፍሬን ጎማዎቹን ቸርኬው አጠገብ ያስጠጋቸዋል፣ ቸርኬህ ትንሽ የተጣመመ ከሆነ መንገዱን ሙሉ እያፋጨ ይሄዳል። ለቪ-ብሬክ ተብሎ የተሰራ የታጠፈ መሪ እጀታ አለ፣ አዎ፣ ግን ነገሩ እሱ ላይ አያበቃም። ቀጥታ መሪ እጀታ የሚገባበት ቦታ ላይ ውፍረቱ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ የታጠፈው 23.8 ነው፣ ስለዚህ አሁን ያሉህ የፍሬን እጀታም የማርሽ መቀየሪያም አንዳቸውም አይገቡልህም፣ ሁሉንም ልትገዛ ነው። በዛ ላይ የሀይብሪድ ፍሬም ለቀጥታ መሪ ታስቦ ረዘም ተደርጎ ስለሚሰራ የታጠፈውን ስታስገባ ጀርባህ ይለጠጣል። እጅ መቀያየሪያ ቦታ ከፈለግክ መሪው ጫፍ ላይ ሁለት አጫጭር ቀንድ አስገባ፣ በቃ፣ መሪ አለቀ።

አሁን ወደ ጎማ። ጎማህ ጎን ላይ ከ700ው ሌላ ቁጥር አለ፣ 35-622 የሚል፣ አቧራውን ጠረግ አርገህ አንብበው። 622ቱ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው በሚሊ ሜትር፣ ኮርሳውም ግሬቭሉም ባለ 29 ማውንቴኑም ብዙውን ጊዜ ይሄው 622 ነው፣ ስለዚህ ቸርኬ ሳትቀይር የግሬቭል ጎማ ይገባልሃል። ስትገዛ ግን ሻጩ "28 ነው" ስላለህ ብቻ እንዳትወስድ፣ የጥቁሮቹ የድሮ ሳይክሎች 28 በ1½ ጎማም 28 ነው የሚባለው፣ እሱ 635 ነው፣ ያንተ ቸርኬ ላይ ቁጭ አይልም። 622 የሚለውን በዓይንህ ሳታይ ብር አታውጣ።

ውፍረቱን ደሞ በግምት ሳይሆን ለክተህ ወስን። አለንኪ ያዝ፣ ባለ 4፣ ባለ 5፣ ባለ 6 እያልክ ጎማውና ፍሬሙ መሀል አሾልካቸው፣ በተለይ ከፔዳሉ ወደኋላ ጎማው በሁለቱ ቱቦዎች መሀል የሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ እዛ ነው የሚጠበው፣ ከዛ ከፍሬኑ በላይ ያለችው ድልድይ ስር፣ ከዛ የፊት ሹካው ስር። እግሩን እያዞርክ ለካ ምክንያቱም አንድ ቦታ ጠማማ ሊሆን ይችላል። በ35ቱ በየጎኑ 7 ሚሊ ሜትር ካገኘህ 40 ስታስገባ 2 ተኩል ይበላና 4 ተኩል ይቀርሃል፣ ለበጋ ይበቃል፣ ከ4 በታች ግን አትውረድ። ወደላይም ያድጋል እሱን አትርሳ። አይነቱ መሀሉ ለስለስ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ጥርስ ያለው ይሁን፣ ከከተማ እስክትወጣ አስፋልትና ኮብልስቶን ስለሆነ የምትነዳው።

ንፋሱን ዝቅ አርገው። 70 ኪሎ አካባቢ ከሆንክ በ40 ጎማ ፊት 40፣ ኋላ 45 ፒኤስአይ ይበቃሃል። ካላማዳሪያ ስትገዛ አፉ እንደ መኪናው የሆነውን ውሰድ፣ የትም ጎሚስታ ጋ ትሞላለህ፣ ግን ቁጥሩን ንገረው፣ ዝም ካልከው ጎማውን ድርቅ አርጎ ነው የሚሰጥህ፣ ድርቅ ያለ ጎማ ደሞ ኮረኮንች ላይ እየዘለለ ክንድህን ይጨርሰዋል። ከመጠን በላይ ካጎደልክም ድንጋይ ላይ ስትወጣ ካላማዳሪያው ከቸርኬው ጋ ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል፣ እንደዛ የተበሳ ካየህ 5 ጨምር።

ማርሽ፦ ሦስቱን የፊት ጥርስ አታስወጣ፣ አሁን ፋሽኑ አንድ ብቻ ነው ግን ትንሿን 28 ጥርሷን የትም አታገኛት። ኋላህ 14-28 ከሆነ ትልቁ 34 የሆነውን ፈልግ፣ 28 ለ28 የነበረው 28 ለ34 ይሆናል፣ ወደ ቤዛዊት ተራራ ስትወጣ ትመርቀኛለህ። ከመግዛትህ በፊት የኋላው ማርሽ ቀያሪ 34 ይችል እንደሆነ አሳይ፣ የቀያሪው እግር አጭር ከሆነ አይችልም። ካቴናውን አብረህ ቀይር፣ ያረጀ ካቴና አዲስ ማርሽ ላይ ይዘላል። ሹካውን ተወው፣ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ግን ካልተንቀጫቀጨ ይቆይ፤ ሲሞት ስፕሪንግ በሌለው ደረቅ ሹካ ትቀይረዋለህ፣ ያኔ ቁመቱን ለክተህ ተመሳሳዩን ግዛ፣ አጭር ካስገባህ ሳይክሏ ፊት ለፊቷ ዝቅ ብላ መሪዋ ይቅበጠበጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ከሽምብጥ ነኝ፣ እንደሱ አይነት ሳይክል ነው ያለኝ። ክረምት ላይ ከከተማ ስወጣ ዋልካው እግሩን ይይዘዋል፣ መንዳትም መግፋትም አልችልም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ ዋልካን የሚያሸንፍ ሳይክል የለም፣ ውዱም ያው ነው። ጥቁሩ አፈር ፍሬኑ ስርና ድልድይዋ ስር ይታጨቅና እግሩን ቀጥ ያደርገዋል፣ ፓራፋንጎ ካለው ደሞ ይብሳል፣ ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ፓራፋንጎውን አውልቂው፣ ጎማውንም ወደ 35 መልሺው፣ ያቺ ክፍተት ያኔ ነው የምትጠቅምሽ። ዝናብ ባደረ ቀን ጠጠር የፈሰሰበትን መንገድ ያዢ፣ ቀዩ አፈር ቢያቆሽሽሽም ያሳልፍሻል። የዘጌው ጫካ ውስጥ ግን ሌላ ነው ችግሩ፣ እርጥብ ድንጋይና ስር ነው፣ ውረጂና ግፊ፣ ቡናውንም እያየሽ። ስትመለሺ ላቫጆ ወስደሽ በፕሬዠር እንዳታሳጥቢው፣ ውሃው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግሪሱን ያወጣዋል። ባልዲና ብሩሽ ይበቃል፣ ካቴናውን አድርቀሽ ዘይት ጠብ ጠብ አርጊበት።

ጥያቄ፦ የኔ ባለ 26 ማውንቴን ነው፣ ሸጬ ሀይብሪድ ልግዛ?

መልስ፦ ለምን ብለህ? 26 ጎማ ከየትኛውም ይበልጥ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው እሱ ነው፣ ፍሬሙም ሰፊ ጎማ ያስገባል። የጎማው ጥርስ ትልልቅ ከሆነ ጎኑ ላይ 559 የሚለውን (የባለ 26ቱ ልክ ነው፣ እንደ 622ቱ) አይተህ መሀሉ ለስላሳ የሆነ 1.75 ወይ 1.95 አስገባበት። የፍሬን ጎማዎቹን ግን ከመውጣትህ በፊት እያቸው፣ ላያቸው ላይ ያለው ቦይ ጠፍቶ ልሙጥ ከሆኑ አልቀዋል፣ መጀመሪያ እነሱን ቀይር።