ለሥዕልና ለፕሪንት የሚሆን ላስቲክ

«ማውንት የተደረጉ (ማት በሚባል የካርቶን ክፈፍ ዙሪያቸው ተከቦ ከጀርባቸው ካርቶን የተደረገላቸው) ሥዕሎቼንና ፕሪንቶቼን ለባዛር በምን ዓይነት ጥርት ያለ ላስቲክ ላሽጋቸው?» ላልሽው፣ እህቴ፣ ጥርት ማለቱን ከማየትሽ በፊት ላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ጠይቂ። አዲስ ሲሆን ሁሉም ያምራል። ልዩነቱ የሚታየው ሲከርም ነው።

የሚሻልሽ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው የላስቲክ ዓይነት ነው። ጨበጥ ስታደርጊው ይንኮሻኮሻል። ፒቪሲ ከሚባለው ላስቲክ ግን ራቂ። ፒቪሲ ለስለስ፣ ከበድ ይላል፤ ብዙ ጊዜም የሚከረፋ ጠረን አለው። ቢሮ የሠራ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፦ ፎቶኮፒ እንዲህ ያለ ክላሰር ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ጽሑፉ ላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ኬሚካል እየወጣ ቀለሙን ስለሚያላቅቀው ነው። ይህ ስንት ቀን የለፋሽበት ሥዕል ላይ ሲደርስ በጣም ያሳዝናል።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ የላስቲክ ከረጢቱ ማሸጊያ ሙጫ ያለበትን ቦታ ነው። ሙጫው ክዳኑ ላይ ከሆነ፣ ሥዕሉ ሲወጣና ሲገባ ፊቱን ላፍ ያደርገዋል። ማቱን ከያዘው ደግሞ ወረቀቱን ልጦ ነው የሚለቀው። ባዛር ላይ ሰው አውጥቶ ማየት ይወዳል፤ አትከልክዪው። ስለዚህ ሙጫው ከረጢቱ ጀርባ ላይ ያለ፣ ክዳኑ ንጹሕ የሆነ ምረጪ። ከመግዛትሽ በፊት አንዱን ከፍተሽ እዪ።

ልኩን ስታዢ ውፍረቱን አትርሺ። ማቱና ጀርባው ተደራርበው ቦታ ይይዛሉ። ለ40 በ50 ሳንቲ ሜትር ማውንት፣ በወርድም በቁመትም 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፋ ያለ ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ ይጨማደዳል፣ መብራትም ያንጸባርቃል። ማውንት ላልተደረገ ፕሪንት ከጀርባው ከአሲድ ነፃ የሆነ ጠንካራ ካርቶን አድርጊ። ተራው የዕቃ ካርቶን ወረቀቱን ያቢጫዋል።

በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር) የታተመ ከሆነ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይደርቅ አታሽጊው፤ ላስቲኩን ከውስጥ ጉም ያለብሰዋል።

ፓስቴልና ከሰል ላስቲክ ሊነካቸው አይገባም። ላስቲኩ ሲታሽ በሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ዱቄቱን ከወረቀቱ ይስበዋል። እነሱን በወፍራም ማት ከፍ አድርጊያቸው፣ ወይም በመስታወት ሽጪ። የብራና ሥዕልም ካለሽ አሽገሽ አታክርሚው። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲታፈንበት ይጣመማል። ለመንገድ ብቻ ሸፍነሽ ስጪ፤ ገዢውንም ቤት እንደገባ እንዲያወጣው ንገሪው።