ኮድ አልጽፍም፤ ሲስተም አናሊስት መሆን እችላለሁ?

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ በአንድ ሆስፒታል ፋይናንስ ክፍል ትሠሪያለሽ። ሆስፒታሉ አዲስ ሲስተም ሊያስገባ ሲል እየዞሩ ሠራተኛውን የሚጠይቁ ባለሙያዎችን አየሽና ሥራቸውን ወደድሽው። ወንድምሽ ግን «ኮምፒዩተር ሳይንስ ከዜሮ ካልተማርሽ አይሆንም» አለሽ። ሥራዬን ለቅቄ ልማር ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትልቀቂ። አሁን ያለሽበት ቦታ ለዚህ ሙያ ጥሩ መማሪያ ነው።

መጀመሪያ ሥራዎቹን እንለያቸው። ሰርቨርና ኔትወርክ የሚጠብቀው ሲስተም አድሚኒስትሬተር ነው። ኮድ የሚጽፈው ፕሮግራመሩ ነው። ሲስተም አናሊስት ደግሞ ሥራው ዛሬ እንዴት እንደሚሄድ ከሠራተኛው ይረዳል፤ የት እንደሚጓተት ያያል፤ አዲሱ ሲስተም ምን መሥራት እንዳለበት ለፕሮግራመሩ በማያሻማ መንገድ ይጽፋል። ሲያልቅም የተባለውን መሥራቱን ይፈትሻል።

በየቀኑ የምታዪውን ልንገርሽ። ታካሚው ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ ይሄዳል፣ ዋጋ ይተመንለታል፣ ገንዘብ ተቀባይ ጋ መጥቶ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ይዞ ይመለሳል። ቀላል ይመስላል። ከፍሎ ሲመለስ መድኃኒቱ አልቆ ቢጠብቀውስ? የጤና መድን አባል ቢሆንስ? መብራት ጠፍቶ ደረሰኙ በእጅ ቢቆረጥ፣ በኋላ ማን ወደ ሲስተሙ ያስገባዋል? ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛ ሲስተም ተትቶ ሠራተኛው ወደ መዝገቡ ሲመለስ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ኮዱ አይደለም። እነዚህን ጥያቄዎች በጊዜ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አገራችን ደግሞ የራሷ ጥያቄዎች አሏት። ውጭ አገር የተሠራ ሶፍትዌር ላይ ቀጠሮ 8:00 ተብሎ ቢመዘገብ፣ ታካሚው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሊመጣ ይችላል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን የልደት ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ይገባል? የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን ሲመጣ የአባት ስም ነው የአያት የሚሞላው? አንዱ ሠራተኛ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ከሞላ፣ አንድ ሰው ሁለት ካርድ ይወጣለታል። ይህን ከውጭ የሚመጣ አማካሪ ላያስበው ይችላል። አንቺ ታስቢዋለሽ።

ያሰብሽውን መጻፍ ግን ልምምድ ይፈልጋል። «ሲስተሙ ለአጠቃቀም ምቹ ይሁን» ብትዪ ፕሮግራመሩ ምንም አያገኝበትም። «ታካሚው ከፍሎ መድኃኒቱ ካለቀ፣ ገንዘብ ተቀባዩ በዚያው ቀን የተመላሽ ጥያቄ ያቅርብ፤ የፋይናንስ ኃላፊው ሳያጸድቀው ግን ገንዘቡ አይመለስ» ብትዪ ይሠራበታል፤ ተሠርቶ ሲያልቅም መሞከር ይቻላል። በየማታው እንዲህ ያለ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። በብዙ መሥሪያ ቤት ሰነዱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በአማርኛ ያሰብሽውን በእንግሊዝኛም አስፍሪው።

ከቴክኒኩ በመጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ኤስኪውኤል ነው፤ ከዳታቤዝ መረጃ የሚጠየቅበት ቋንቋ ማለት ነው። መለማመጃ የሚሆንሽ ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል። ከሠንጠረዥ መረጃ ማውጣት፣ ሁለት ሠንጠረዥ ማገናኘት፣ መደመርና መቧደን ከቻልሽ ለጅማሬ ይበቃሻል። ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር የሠራ ሰው የሠንጠረዥ ነገር አይከብደውም። የሥራ ፍሰት ለመሣል ድሮው ዶት አይኦ አለ፤ እሱም ነፃ ነው። በ2016 መጨረሻ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ውስጥ የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስ አለና እሱንም ውሰጂው። አይአይቢኤ የሚባለው የቢዝነስ አናሊስቶች ዓለም አቀፍ ማኅበር ለጀማሪዎች የሚሰጠው ኢሲቢኤ የተባለ ፈተናም የሥራ ልምድ አይጠይቅም። ክፍያው ግን በዶላር ነውና አሁን አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ የምታሳዪው ሥራ ይኑርሽ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ። «ሲስተም አናሊስት» የሚሉ ብዙ ማስታወቂያዎች ኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ይላሉ። በአካውንቲንግ ዲግሪ ብቻ ከሄድሽ ገና ሲቪ ሲመረጥ ልትወድቂ ትችያለሽ። ስለዚህ ሥራው ተቀራራቢ የሆነውን «ቢዝነስ አናሊስት» የሚሉትን፣ ኢአርፒ (የድርጅትን ሂሳብ፣ ግዢና ንብረት በአንድ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) የሚተክሉ ድርጅቶችን፣ የባንክና የኢንሹራንስ ፕሮጀክት ክፍሎችን ተከታተዪ። እዚያ የሂሳብ ሰው ይፈለጋል። ቴሌብር በ2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሞባይል የሚከፈለው በዝቷል፤ ሲስተሙ ላይ ያለው ከባንክ ሂሳቡ ጋር አልታረቅ ሲል ልዩነቱ የት እንደተፈጠረ መፈለግ አንቺ የተማርሽው ሙያ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ካማረሽ እየሠራሽ በማታው ክፍለ ጊዜ ትደርሽበታለሽ።

ከሁሉ በፊት ነገ ኃላፊሽ ጋ ግቢና ለአዲሱ ሲስተም የፋይናንስ ክፍሉ ፎካል ፐርሰን ልሁን በዪ። ብዙ ሰው ተጨማሪ ሥራ ነው ብሎ ስለሚሸሸው የሚሻማሽ አይኖርም። ከባለሙያዎቹ ጋር ስብሰባ ተቀመጪ፣ ሲስተሙ ሲሞከር ስህተቱን መዝግቢ፣ ሠራተኛውን አሠልጥኚ። ሲቪሽ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው። የመድኃኒት ክፍያውንም ፍሰት ሣዪው፤ ከፋርማሲና ከካርድ ክፍል ሰዎች ጋር ቁጭ ብለሽ አሳዪያቸው፤ ያረሙትን አስተካክለሽ ላኪልኝ። የታካሚ ስም ግን እንዳይኖርበት።