ፍራክታልን ይዘሽ ኔትወርክ ውስጥ ሥራ ስትፈልጊ

የሒሳብ ተማሪ ነሽ፤ ዘንድሮ ትመረቂያለሽ። መመረቂያ ጽሑፍሽን «የኮምፒውተር ኔትወርክ ቅርጽ ፍራክታል ነው» በሚል ሐሳብ ልትሠሪና ከዚያ በኔትወርክ መሐንዲስነት ልትቀጠሪ አስበሻል። ፍራክታል ማለት ብታጎዪውም ብታሳንሺውም ያው መልክ የሚደጋገምበት ነገር ነው። «ርዕሱ ያዋጣኛል ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?» ብለሻል።

እህቴ፣ ርዕሱን አትጣይው፤ ትንሽ ፈቀቅ አድርጊው። ቅርጹን ተይና ትራፊኩን፣ ማለትም በኔትወርኩ የሚያልፈውን የመረጃ ፍሰት ያዢ።

ቅርጹ ብዙም አያራምድሽም። ሶንግ፣ ሃቭሊንና ማክሴ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ኔትወርክን በሣጥን፣ ማለትም በሚቀራረቡ ነጥቦች ቡድን እየሸፈኑ ሣጥኖቹን ሲቆጥሩ፣ ድረ ገጾችን የሚያያይዘው የሊንክ መረብ ፍራክታል ሆኖ አገኙት። በ2006 ኢንተርኔትን ሲፈትሹ ግን አልሆነም። ብዙ ግንኙነት ያላቸው ማዕከሎች እርስ በርስ ስለሚያያዙ፣ ሣጥኑን ትንሽ ስታሰፊው ሁሉንም ይውጠዋል። የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክማ ሦስት እርከን ስዊች (ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ቢኖረው ነው። በሦስት ነጥብ ላይ መስመር አስምሮ «ፍራክታል ነው» ማለት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያስቃል።

ትራፊኩ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌላንድ፣ ታቁ፣ ዊሊንገርና ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢተርኔት፣ ማለትም በመሥሪያ ቤት የገመድ ኔትወርክ የሚያልፉ ፓኬቶችን (መረጃ ተቆራርጦ የሚላክባቸውን ጥቅሎች) በተለያየ የጊዜ መስፈሪያ ቆጠሩ። ለስልክ ጥሪ በተሠራው የድሮ ስሌት ቢሆን፣ መስፈሪያው ከሚሊሰከንድ ወደ ሰከንድ፣ ከዚያም ወደ ደቂቃ ሲሰፋ ግራፉ መለስለስ ነበረበት። አልለሰለሰም። በሁሉም መስፈሪያ ያው ወጣ ገባ ነው። አንዱ ምክንያት የፋይሎች መጠን ነው፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ሲሆኑ ጥቂቶቹ ግን እጅግ ግዙፍ ናቸው። ግራፉ መስፈሪያው ሲሰፋም ወጣ ገባነቱ ምን ያህል እንደሚዘልቅ የሚለካው ቁጥር ኸርስት ይባላል። ስሙም የመጣው የአባይን ውሃ መጠን ዓመታት ሙሉ ካጠና ባለሙያ ነው። 0.5 ከሆነ ያለፈው ለሚመጣው ፍንጭ አይሰጥም፤ ወደ 1 ሲጠጋ ግርግር ግርግርን ይጎትታል። እነ ሌላንድ ያገኙት ወደ 0.8 አካባቢ ነበር።

ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ፍራክታል የሚጠይቅሽ የለም። ሰብኔት (ኔትወርክን በትንንሹ መከፋፈል) እና ራውቲንግ (ለፓኬት መንገድ መምረጥ) ግን ይጠይቁሻል፤ እነሱን ጎን ለጎን አጥኚ። ደግሞ «የመስመሩ አማካይ አጠቃቀም 30 በመቶ ሆኖ ሳለ ፓኬት ለምን ይጠፋል?» ሊሉሽ ይችላሉ። አማካዩ ግርግሩን ይሸፍናል፤ ባፈሩ፣ ማለትም ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ማከማቻ፣ የሚሞላው በግርግሩ ቅጽበት ነው፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ፓኬት ይጠፋል። ይህን በራስሽ ግራፍ ካስረዳሽ ከብዙ አመልካቾች ትለያለሽ።

ስለዚህ ለአማካሪሽ አዲሱን ርዕስ ከማቅረብሽ በፊት፣ የኔትወርኩን ባለቤት አስፈቅደሽ ዋየርሻርክ በተባለው የትራፊክ መቅጃ ፕሮግራም የአንድ ሰዓት ትራፊክ መዝግቢ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ፓኬቶቹን በ10 ሚሊሰከንድ፣ በ1 ሰከንድና በ10 ሰከንድ መስፈሪያ ቁጠሪና ሦስቱን ግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጪ። ግራፎቹን ይዘሽ አማካሪሽ ቢሮ ግቢ።