ዶክተር፣ የሚጥል ህመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ግሩፕ ውስጥ ልቆይ ወይስ ልውጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ6 ዓመት ልጅ አለኝ፣ የሚጥል በሽታ ነው ከተባለ አንድ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ቫልፕሮኤት የሚባል ሲረፕ ጠዋትና ማታ ይወስዳል። ይሄ ህመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ያሉበት ግሩፕ ውስጥ ገብቻለሁ፣ እውነት ለመናገር እነሱ ባይኖሩ ይሄን ዓመት አልወጣውም ነበር። ሰሞኑን ግን አንዲት እናት መድኃኒቱ ጉበት ይጨርሳል ብላ ለጠፈች፣ ሌላዋ ደሞ እኔ አቁሜ በጠብታ ነው የያዝኩት አለች፣ ወዲያው ኢንቦክስ ላይ ጠብታውን ልላክልሽ የሚል ሰው መጣብኝ። ፈራሁና ይኸው ሦስት ቀን ሆነኝ የማታውን ከተውኩት። ባለቤቴ ደሞ ልጁን ሲጥለው የቀረጽኩትን ቪዲዮ ግሩፑ ላይ ሲያየው በጣም ተናደደ፣ ዛሬውኑ ውጪ ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ግሩፑ ብዙ የምለው አለኝ ግን እሱ ይቆየን፣ መጀመሪያ ስለተውሽው የማታ መድኃኒት እንነጋገር። ይሄን እንዳነበብሽ መድኃኒቱን ላዘዘለት ሐኪም ደውይ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ እሱን ካላገኘሽው ልጁ በሚታከምበት ቦታ ያለውን ተረኛ ሐኪም አናግሪ። ሳትደባብቂ "ሦስት ቀን የማታውን አልሰጠሁትም" በይ፣ የሚቆጣሽ ካለም ይቆጣ፣ ልጁ ይበልጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚባለው ወደታዘዘልሽ መጠን ተመለሺ ነው፣ ያመለጠውን ለማካካስ ተብሎ ግን ሁለት እጥፍ አይሰጥም። እያስመለሰው ከሆነ፣ እንቅልፍና ድካም ከበዛበት ወይ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ደሞ ስልክ አይበቃም፣ ይዘሽው ሂጂ።

ለምን እንደዚህ እንደምቸኩል ልንገርሽ። የሚጥል ህመም የሚነሳው የአንጎል ሴሎች ባንዴ ከልክ በላይ የኤሌክትሪክ መልእክት ሲላላኩ ነው፣ መድኃኒቱ እንደ ልጓም ይዟቸው ነው የሚኖረው፣ ልጓሙ በድንገት ሲላላ ህመሙ ድሮ በነበረበት ልክ ላይመለስ ይችላል፣ አንዳንዴ ብሶበት ይመጣል፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ተረኛ ሆኜ ያየሁት ከአእምሮዬ የማይወጣ አንድ ልጅ አለ። ሌሊት ነው፣ እናቱ ተሸክማው ገባች፣ ከቤት ጀምሮ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ መርፌ ሰጠነው፣ አልቆመም፣ ደገምነው፣ ከዛ ነው የቆመው። ልጁ ተረጋግቶ ሲተኛ እናትየው ስልኳን አውጥታ አንድ ኮሜንት አሳየችኝ፣ "እኔ በሁለት ሳምንት ነው ያስጣልኩት አሁን ደህና ነው" ይላል፣ ከስሩ የልብ ምልክት ተደርድሮለታል። ልጁ ድኖ ወጣ፣ እናቱ ግን እስክትወጣ ድረስ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ትል ነበር። ያን ኮሜንት የጻፈችውንም ሴት ክፉ ናት ለማለት አልቻልኩም፣ የሷ ልጅ እውነትም ደህና ሆኖላት ይሆናላ። ህመሙ በዕድሜ የሚለቃቸው ልጆች አሉ እኮ፣ እኛም ብንሆን ልጁ ሁለት ዓመት ያህል ምንም ሳይጥለው ከቆየ መቀነስን እናስባለን፣ ግን የሚወሰነው በህመሙ ዓይነት ነው፣ የሚቀነሰውም ቀስ እየተባለ በሳምንታትና በወራት ነው፣ የሌላ ሰው ልጅ ደህና ስለሆነ አይደለም።

እስከዛው ቢጥለው በጎኑ አስተኚው፣ ጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር አርጊለት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ ፍቺ፣ እንዳይንቀሳቀስ ብለሽ ጨምቀሽ አትያዥው፣ ማንኪያም ሆነ ጣት አፉ ውስጥ አታስገቢ (ምላሱን ይውጣል የሚባለው ውሸት ነው፣ ግሩፑ ላይ እንደዛ የሚል ካለ አርሚልኝ) ከዛ ሰዓት እዪ። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ወይ ሳይነቃ ከደገመው፣ ወይ ትንፋሹ ካስቸገረው ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

ስለ ጉበት ያነበብሽው እንዲያው ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም፣ ስለዚህ ውሸት ነው ብዬ አልሸኝሽም። ቫልፕሮኤት አልፎ አልፎ ጉበትን በከባዱ ሊጎዳ ይችላል፣ ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይም ተጽፏል። ይበልጥ የሚያሰጋው ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ብዙ ዓይነት የሚጥል መድኃኒት ባንዴ ለሚወስዱና ማይቶኮንድሪያ የሚባለውን የሴል ክፍል የሚነካ የዘር በሽታ ላለባቸው ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚከሰተውም በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ነው። ያንቺ ልጅ 6 ዓመቱ ነው፣ በመድኃኒቱም ላይ ብዙ ቆይቷል። ጭራሽ አያሰጋም እያልኩሽ አይደለም፣ በተደጋጋሚ ካስመለሰው፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ከባድ የሆድ ህመም ካለው (ይሄ ቆሽቱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል)፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይ በደንብ ተይዞለት የነበረው መጣል ያለምክንያት ከተመለሰበት ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ነው። የጉበት የደም ምርመራ መቼ ተሠራለት፣ ውጤቱስ ምን አለ፣ ብለሽ መጠየቅም መብትሽ ነው። ያቺ እናት እንደዛ ብላ ጽፋው ቢሆን ኖሮ አንቺም ስለ ምርመራው ትጠይቂ ነበር እንጂ የማታውን አትተዪም ነበር።

አንድ ነገር ሳትጠይቂኝ ልጨምር፣ ግሩፖች ላይ ሁሌ ስለማየው ነው። "የኔም ልጅ 6 ዓመቱ ነው፣ 5 ሚሊ ነው የሚወስደው፣ ላንቺ ልጅ ለምን በዛ?" የሚባል ነገር አለ። እስኪ ተነሺና ጠርሙሱን አምጪው፣ ጽሑፉን ወደ መብራቱ ጠጋ አርገሽ አንብቢ። አንዱ ፋብሪካ የሚሠራው ሲረፕ በ5 ሚሊ ውስጥ 200 ሚሊግራም ይይዛል፣ የሌላው ደሞ በዛችው 5 ሚሊ 250 ሚሊግራም። ሁለት እናቶች እኩል እየለኩ ለልጆቻቸው የሚሰጡት ግን እኩል አይደለም ማለት ነው። የልጆች ፓራሲታሞል ራሱ በ5 ሚሊ 120 ሚሊግራም ያለውም 250 ሚሊግራም ያለውም አለ፣ ከእጥፍ በላይ ነው ልዩነቱ። በዛ ላይ መጠኑ የሚሰላው በልጁ ኪሎ ነው፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ከወሰደ ደሞ ይቀየራል። ስለዚህ ሚሊ በግሩፕ አይጠየቅም፣ አይመለስምም። ፋርማሲ ሄደሽ የተለየ ጠርሙስ ከሰጡሽም እዛው ቆመሽ "ይሄ ከድሮው ጋር እኩል ነው ወይ?" በይ።

ወደ ጠብታው ልምጣ። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ህመም ስም የሚሸጠው ካናቢዲዮል ነው የሚባል፣ ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ዘይት ነው፣ ይሄ ደሞ እውነተኛ መድኃኒትነት አለው፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 በፈረንጆች (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጆች ናቸው) ንጹሑን ካናቢዲዮል ድራቬት እና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉት ለሁለት ከባድ የሚጥል ህመም ዓይነቶች ፈቅዶታል። ግን ልብ በይ፣ ያ መድኃኒት ከቫልፕሮኤት ጋር ሲወሰድ የጉበት ምርመራ ውጤትን ከፍ የማድረግ ጠባይ አለው፣ ለዛም ነው ሐኪም በደም እየተከታተለ የሚሰጠው። ጉበት ፈርተሽ ጉበትን ይበልጥ ሊያስቸግር ወደሚችል ነገር ልትገቢ ነበር። ያውም ኢንቦክስ ላይ የሚላከው ጠርሙስ ውስጥ ካናቢዲዮል ይኑር፣ ስንት ይኑር፣ ሌላ ምን ይቀላቀልበት የሚያውቅ የለም። ከዚህ የባሰም አይቻለሁ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ጋ ተአምረኛ ጠብታ እየተባለ የተዘዋወረ ነገር ነበር፣ ሲጣራ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ነው፣ እንደ በረኪና ያለ ማንጫ ኬሚካል ማለት ነው በቃ፣ ያው ተቆጣጣሪ በ2010 አስጠንቅቆ በ2019 እንደገና አስጠነቀቀ። ይሄን ያህል ጊዜ የቆየው እናቶቹ ሞኝ ስለሆኑ አይደለም፣ ሻጮቹ የተጨነቀ ወላጅ የት እንደሚገኝ ስለሚያውቁ ነው። ወዲያው ኢንቦክስሽ ላይ የመጣው ሰውዬ ለልጅሽ አዝኖ አይደለም፣ ስክሪንሾት አንሺና ለአድሚኑ ላኪው፣ ብሎክ አርጊው።

እና ግሩፑ ውስጥ ልቆይ ወይ ላልሽኝ፣ አዎ ቆዪ። ይሄን የምልሽ እንዲያው ለማጽናናት አይደለም። እኛ ሐኪሞች ልጅሽን የምናየው በሁለት ሦስት ወር አንዴ ለትንሽ ደቂቃ ነው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንፋሹን እያዳመጥሽ ስትቀመጪ አንኖርም፣ አስተማሪው "እዚህ ቢጥለውስ" ብሎ አልቀበልም ሲልሽ ምን ብለሽ እንደምትመልሺ ከእኛ ይልቅ ያ ነገር የደረሰባት እናት ታውቃለች። ሲረፑን የሚተፋ ልጅን እንዴት እንደሚያስውጡ እኔ ራሴ ከወላጆች ነው የተማርኩት። ትልልቅ ነገርም ይሠራሉ፣ በ2012 ማት ማይት የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ማንም የማያውቀውን የልጁን ህመም ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ጻፈ፣ ኤንጂኤልዋይ 1 የሚባል ጂን ጉድለት ነው፣ ያኔ በዚህ ጉድለት የሚታወቀው የሱ ልጅ ብቻ ነበር። ጽሑፉ ሲዞር ሲዞር ልጆቻቸው ላይ ተመሳሳይ ነገር ያዩ ሌሎች ወላጆች ጋ ደረሰ፣ ተገናኙ፣ ተመራማሪዎችም ከእነሱ ጋር ተነስተው ዛሬ በሽታው በደንብ ይታወቃል። እነዛ ወላጆች ግን ታሪክ ነው የተለዋወጡት፣ መድኃኒት አቁሙ አልተባባሉም።

ያለሽበት ግሩፕ ደህና መሆኑን የምታውቂው በአድሚኑ ነው። ሻጭ ሲመጣ ያስወጣል? መድኃኒት አቁሙ የሚል ፖስት ሲወጣ "ሐኪማችሁን ሳታናግሩ እንዳታደርጉት" ይላል? "እኔ አልስማማም" ያለች እናት ትሰደባለች ወይስ ትሰማለች? ገንዘብ የሚጠየቅበት ከሆነ ደሞ ተጠንቀቂ፣ የሌለ በሽታና የሌለ ልጅ ፈጥረው የሰው እንባና ገንዘብ የሚሰበስቡ አሉ፣ ማርክ ፌልድማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ገና በ2000 ስም አውጥቶለታል፣ ሙንሃውዘን በኢንተርኔት ይለዋል። እነዚህ ነገሮች ከበዙበት ከዛኛው ውጪና ሌላ ፈልጊ፣ ብቻሽን ግን አትቅሪ።

ስለ ቪዲዮው ግን ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ምናልባት የተናገረበት መንገድ ከብዶሽ ይሆናል እንጂ ነገሩ ልክ ነው። ዛሬ አውርጂው። መቅረጽሽ ራሱ ጥሩ ነው፣ እኔ ከአንድ ገጽ ገለጻ ይልቅ የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ ይበልጥ ይጠቅመኛል፣ ቀጥይበት፣ ከተቻለ ከጅምሩ፣ ሙሉ ሰውነቱ እየታየ፣ ዓይኑ ወዴት እንደዞረና የትኛው እጁ እንደቀደመ እንዲታይ፣ ከዛ ስትጠሪው ይመልስ እንደሆነ እንዲሰማ። ግን ለሐኪሙ ነው፣ ከስልክ ወደ ስልክ። ልጅሽ ነገ 16 ዓመት ይሆነዋል፣ ሱሪው ረጥቦ መሬት ላይ የወደቀበትን ቀን ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ አግኝቶ እንዲያዞርበት አትፈልጊም። "ግሩፑ እኮ ዝግ ነው" እንዳትይኝ፣ በ2018 በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድልን ከፍ የሚያደርግ የዘር ለውጥ ያለባቸው ሴቶች የነበሩበት ዝግ የፌስቡክ ግሩፕ አባላት የስማቸው ዝርዝር ከውጭ ባለ ሰው ሊወጣ እንደሚችል ደረሱበት፣ ፌስቡክ የዝግ ግሩፕ አባላት ከውጭ እንዳይታዩ ያደረገው ከዛ በኋላ ነው። በዛ ላይ ስክሪንሾት የሚያነሳን ሰው የሚያቆም ዝግ የለም። ፎቶ ስትለጥፊ የሆስፒታል ካርዱን፣ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ስም፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን አስቀድመሽ እዪ። ጥያቄ ለመጠየቅ "የ6 ዓመት ልጅ" ማለት ይበቃሻል።

ባለቤትሽ ጋ ግን "ውጪ" እና "አልወጣም" እየተባባላችሁ አትደሩ። ስልኩን ስጪውና የተወሰኑትን ፖስቶች አብራችሁ አንብቡ፣ አባቶችም እዛ ውስጥ አሉ፣ እሱም እኮ ፈርቶ ነው፣ የሚያወራው ሰው የለውም ይሆናል። ሌሊቱንም ብቻሽን አትጠብቂ፣ ግማሹን እሱ ይንቃ።

ያቺን "አቁሜ በጠብታ ነው የያዝኩት" ያለችውን እናት ደሞ ኮሜንት ላይ አትሟገቻት፣ ሰው ፊት ሲነገራት ትከላከላለች እንጂ አትሰማሽም። ኢንቦክስ ሂጂና ልጁ እንዴት ነው በያት፣ እንቅልፉ ደህና ነው ወይ፣ ካቆመ በኋላ ሐኪም አይቶታል ወይ፣ ብለሽ ጠይቂያት፣ የ5 ደቂቃውንም ነገር ንገሪያት። ምናልባት እሷም እንዳንቺ የማታውን በፍርሃት የተወች፣ ከዛ በኋላ "ምን ላድርግ" ብላ የምትጠይቀው ሰው ያጣች ናት።