«ይሄ እኮ ጋንጃ ነው» አለችኝ ጎረቤቴ

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። ከ3 ዓመት ጀምሮ ፌኖባርቢታል ይወስዳል፤ ሰሞኑን ግን መልሶ ይጥለው ጀመር። ውጭ ያለው ወንድሜ «ሲቢዲ የሚባል ዘይት ልላክልሽ» ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ «ጋንጃ ነው፤ ልጁን ልታሰክሪው ነው?» አለችኝ። ማንን ልስማ?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ሲቢዲ የሚወጣበት ተክል እሷ ያለችው ጋንጃ፣ ማለትም ካናቢስ ነው። ውስጡ ያለው ግን አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ከ100 በላይ ውህድ አለው። (አጠፋሪስ የሚሉትም አሉ፤ እሱ ሌላ መርዛማ ተክል ነው።)

ከነዚህ ውህዶች የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባለው ነው፤ ሲቢዲ ሌላው ነው። አንጎል ውስጥ ሲቢ1 የሚባለው ተቀባይ ላይ ይጣበቃል። ያኔ ደቂቃው ሰዓት ይሆናል፣ ሆድ ይሞረሙራል፣ ልብ ይደልቃል፣ አሁን የተባለው ይረሳል። ፍርሃትና ጥርጣሬ የሚይዘውም አለ። ሲቢዲ እዚያ ተቀባይ ላይ እምብዛም ስለማይጣበቅ አያሰክርም። እንቅልፍ እንቅልፍ ማሰኘትና ተቅማጥ ግን አያጣውም።

ወንድምሽም ከሜዳ አላመጣውም። ከሲቢዲ የተሠራ ኤፒዲዮሌክስ የሚባል መድኃኒት በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ከስንት አንድ ለሚገጥሙ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነው። ሱቅ የሚሸጠው ዘይት ደግሞ እሱ አይደለም።

አምና ደሴ ፒያሳ ያለው መድኃኒት ቤቴ አንድ አባት መጡ። ከመሀረብ ፈትተው አውራ ጣት የምታክል የሲቢዲ ዘይት ጠርሙስ አወጡ። ፊቷ ላይ በትልቁ «1000 ሚሊ ግራም» ይላል። የጠርሙሱ ሙሉ ነው ወይስ የአንዱ ሚሊ ሊትር? አይናገርም። ከጀርባዋ በደቃቁ «ቲኤችሲ ከ0.3 በመቶ በታች» የሚል አለ። ከ0.3 በታች ማለት እኮ ዜሮ ማለት አይደለም። መነጽሬን አድርጌም ስንት ጠብታ እንደሚሰጥ ማስላት አቃተኝ። መለስኳቸው።

በዚያ ላይ ካናቢስ እዚህ አገር በሕግ ክልክል ነው። ወንድምሽ በሰው ሻንጣ እንዳይልክ።

አደራ የምልሽ ግን ፌኖባርቢታሉን ነው። በድንገት ከተቋረጠ ልጁን ያለማቋረጥ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ሲቢዲ ደግሞ ጉበት ላይ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋፋ፣ ያለ ሐኪም መደረብ አይሆንም።

የጣለውን ቀን፣ ሰዓቱንና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ደብተር ላይ ጻፊ። ከተቻለ በስልክ ቅረጪውና ለሐኪሙ አሳዪ። አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂልኝ፦ የፌኖባርቢታሉ መጠን የሚወሰነው በክብደት ነው፤ የልጅሽ የታዘዘለት ስንት ኪሎ እያለ ነበር?