ኮዳችሁን ከመላካችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ

ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል ሶፍትዌር) ውስጥ መሥራት የጀመራችሁ ልጆቼ፣ ኮዳችሁ አይገባም ተብሎ ሲመለስ «ሁላችንም በነፃ ነው የምንሠራው፤ እሱን ማን ሾመው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚጠየቀው ግን ገና ሥራውን ሳትጀምሩ ነው።

በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራውን የዴቢያን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሕገ ደንብ አንብቡት። ማንም ለፕሮጀክቱ የመሥራት ግዴታ የለበትም ይላል፤ የተሰጠውን ሥራ ያልፈለገ ሰው መተው ይችላል። በደንቡ መሠረት የተወሰነውን ግን ማደናቀፍ አይችልም። መሪው በየዓመቱ ይመረጣል፤ ውሳኔውንም አባላቱ በድምፅ መሻር ይችላሉ። እዚያ «ማን ሾመው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ተጽፎ ተቀምጧል።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ዘንድ ግን ለረጅም ዓመታት የመጨረሻው ቃል የፈጣሪው የጊዶ ቫን ሮሰም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 «:=» የምትባል ምልክት ትግባ አትግባ በሚል ከባድ ክርክር ተነሣ። እሱ ትግባ ብሎ ወሰነ፤ በክርክሩ ግን ስለተሰላቸ በሐምሌ ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። ተተኪም አልሾመም፤ እንዴት እንደምትተዳደሩ ራሳችሁ ወስኑ አላቸው። የሰፈር ዕድር እንኳ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ቋንቋ ግን ከዚያ በኋላ ነው ደንብ ለመጻፍ የተቀመጠው። በርካታ የአስተዳደር ሐሳቦች ቀርበው በታኅሣሥ ድምፅ ተሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያም አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት ተመረጠ። ከአንድ ቀጣሪ ከሁለት ሰው በላይ ምክር ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አይችልም። ይቺን አንቀጽ እኔ በጣም እወዳታለሁ፤ በጎ ፈቃደኛ ብንባልም ደመወዝ የሚከፍለን አካል አለና።

እናም አንድ ፕሮጀክት ስትመርጡ ኮዱን ብቻ አትዩ። ሜርጅ የሚያደርገው፣ ማለትም የተላከውን ኮድ ከዋናው ጋር የሚያዋህደው፣ ማን ነው? እሱ እምቢ ቢል አቤት የሚባለው ለማን ነው? እሱ ቢታመም ወይም ቢሰለቸው ቁልፉ በማን እጅ ይቀራል? ካልተጻፈ በትህትና ጠይቁ። ኮዱን ኮፒ አድርጎ ለብቻ መሄድ፣ ማለትም ፎርክ፣ ሁልጊዜ መብታችሁ ነው፤ ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ሥራ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ የወጣው እንዲሁ ነው። በትንሽ ቅሬታ ግን አታስፈራሩበት፤ ብቻችሁን ልትቀሩ ትችላላችሁ።

አንድ ቀን ኮሚት የማድረግ፣ ማለትም ኮድን በቀጥታ ወደ ፕሮጀክቱ የማስገባት፣ ፈቃዱ ለእናንተም ይሰጣል። አፓቼ በተባለው የኦፕን ሶርስ ድርጅት ፕሮጀክቶች የኮድ ለውጥን የሚያግድ ሰው ቴክኒካዊ ምክንያቱን ካላቀረበ እገዳው ዋጋ የለውም። ፕሮጀክታችሁ ይህን ባያስገድዳችሁም፣ የአንዱን ጀማሪ ኮድ ስትመልሱ ለምን እንደመለሳችሁት ሁለት መስመር ጻፉለት።