ሱ ፎልስን ለኑሮ መምረጥ፦ ለአባላት ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በደቡብ ዳኮታ ግዛት በምትገኘው በሱ ፎልስ ከተማ ከቤተሰቤ ጋር ለብዙ ዓመታት ኖሬአለሁ፤ የምሠራውም በሕክምናው ዘርፍ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ፣ ከሲያትልና ከዳላስ ለመልቀቅ የሚያስቡ የማኅበረሰባችን አባላት ስለ ከተማዋ በተደጋጋሚ ስለሚጠይቁኝ፣ ጥያቄዎቻችሁን በአንድነት ተቀብዬ የማውቀውን ያህል ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ከተማዋን እወዳታለሁ። ይሁን እንጂ ለሁሉም ሰው ትስማማለች ብዬ ስለማላምን፣ የማትስማማበትንም ሁኔታ ሳልደብቅ እገልጻለሁ።

ጥያቄ፦ ሱ ፎልስ ከተማ ናት ወይስ የገጠር መንደር? በካርታ ላይ ስናያት በዙሪያዋ ከእርሻ በቀር ምንም አይታይም።

መልስ፦ በዙሪያዋ ያለው የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በ2020 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 192,517 ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በ1980 ግን ከ81,000 ብዙም አይበልጥም ነበር። ለዕድገቷ አንዱ ምክንያት፣ ግዛቲቱ በ1980 በብድር ወለድ ላይ የነበረውን ጣሪያ በማንሳቷ ሲቲባንክ በቀጣዩ ዓመት የክሬዲት ካርድ ሥራውን ከኒው ዮርክ ወደዚህ ማዛወሩ ነው። ሌሎች የገንዘብ ተቋማትም ተከተሉት። ከዚያ በኋላ ሳንፎርድና አቬራ የተባሉት ሁለቱ የሆስፒታል ድርጅቶች እየሰፉ ሄደው ዛሬ የከተማዋ ትልልቅ አሠሪዎች ሆነዋል። 29 እና 90 ቁጥር የሚባሉት አውራ ጎዳናዎችም የሚገናኙት እዚሁ ነው። ስለዚህ ሆስፒታሉም፣ ኮሌጁም፣ የአውሮፕላን ማረፊያውም አለ፤ ሆኖም ከከተማዋ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። በዋሽንግተን ቀለበት መንገድ ላይ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቆሞ ለሚውል ሰው የዚህን ትርጉም ማብራራት አያስፈልገኝም።

ጥያቄ፦ የግዛት የገቢ ግብር የለም ሲባል እንሰማለን። በእርግጥ ከደመወዛችን ተርፎ ቤት ለመግዛት ያስችላል?

መልስ፦ ደቡብ ዳኮታ ከደመወዝ ላይ የግዛት ግብር አትወስድም፤ የሚቆረጠው የፌዴራሉ ብቻ ነው። በሜሪላንድ የግዛቱም የካውንቲውም ግብር የሚቆረጥበት ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ቼክ ላይ ያየዋል። ነገር ግን ግዛቱ ገንዘቡን በሌላ በኩል ይሰበስባል። የሽያጭ ግብሩ የግዛቱ 4.2 በመቶ፣ የከተማው 2 በመቶ ሲሆን፣ ይህ በዳቦ፣ በወተትና በሥጋ ላይ ሳይቀር ይከፈላል። በምግብ ላይ የሚከፈለውን የግዛቱን ግብር ለማስቀረት በኖቬምበር 2024 ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው ሐሳብም አልጸደቀም። ጎረቤታችን ሚኒሶታ በአንጻሩ የገቢ ግብር ብታስከፍልም ከአስቤዛ ላይ አትወስድም። ብዙ ልጆች ላሏቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ይህ ጥቂት ነገር አይደለም፤ እኔም ፍትሐዊ ሆኖ አይታየኝም።

ቤትን በተመለከተ፣ ዋጋው ከ2020 ወዲህ በግልጽ ንሯል፤ «በ150,000 ዶላር ቤት ይገኛል» የሚለው ወሬ ያለፈ ታሪክ ነው። ዛሬ መጠነኛ ቤት ለመግዛት 300,000 ዶላር አካባቢ ማሰብ ያስፈልጋል። ቢሆንም ባልና ሚስት ሁለቱም በመደበኛ ደመወዝ የሚሠሩ ከሆነ፣ ጥቂት ዓመታት ቆጥበው ምድር ቤትና ጓሮ ያለው ቤት መግዛት ይችላሉ፤ ይህን ያደረጉ ብዙ የአገራችን ልጆች አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዙ የግዛቱ የቤቶች ባለሥልጣን ለዳውን ፔይመንት (ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ) የሚረዳ ፕሮግራም ስላለው ባንክ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደግሞም ቤቱን ገዝታችሁ ራሳችሁ የምትኖሩበት ከሆነ፣ ይህን የሚገልጸውን ቅጽ ለካውንቲው እስከ ማርች 15 ማስገባት አትርሱ፤ ቅጹ ካልገባ የንብረት ግብራችሁ እንደሚከራይ ቤት ተቆጥሮ ከፍ ይላል። ማመልከቻው ቀላል ነው፤ አዲስ ገዥዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚነግራቸው ሰው አያገኙም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛችን ገና ነው። የሥጋ ፋብሪካው ሥራ እንዴት ነው?

መልስ፦ በከተማዋ መሐል ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የኖረ ትልቅ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ አለ፤ ቀድሞ ጆን ሞረል ይባል ነበር፤ ዛሬ ስሚዝፊልድ ነው። እንግሊዝኛ ሳይጠይቅ በሕግ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ የተሻለ ስለሚከፍል ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኔፓል፣ ከኮንጎና ከጓቴማላ ለመጡ ብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያው በር እርሱ ሆኖ ቆይቷል። በኤፕሪል 2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን ይዞ ፋብሪካው እስከ መዘጋት ሲደርስ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያወጣው ሪፖርት በፋብሪካው ውስጥ 40 ያህል ቋንቋዎች እንደሚነገሩ አመልክቶ፣ በብዛት ከሚነገሩት አሥሩ መካከል አማርኛን፣ ትግርኛን፣ ኦሮምኛንና ኩናምኛን ጠቅሷል። ያንን ወር በከተማዋ የኖረ ሰው አይረሳውም፤ ሥጋ የሚቆርጡት እጆች የማን እንደሆኑ አገር ሁሉ ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ሥራው ከባድ ነው። ቅዝቃዜው፣ የመሣሪያው ጩኸት፣ አንድን እንቅስቃሴ በቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ መደጋገሙ ትከሻንና የእጅ አንጓን ይጎዳል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ግቡበት፣ ነገር ግን የምትወጡበትን መንገድ በገባችሁበት ወር ጀምሩ። ሳውዝኢስት የተባለው የቴክኒክ ኮሌጅ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። «ቢልድ ዳኮታ» የሚባለው የትምህርት ዕድል ደግሞ የሰው ኃይል በሚያስፈልጋቸው ሙያዎች፣ ለምሳሌ በብየዳ፣ በኤሌክትሪክና በጤና ለሚማሩ፣ የትምህርት ክፍያውንም፣ መጽሐፉንም፣ የሥራ መሣሪያውንም ይሸፍናል፤ በምላሹ ተመራቂው በግዛቲቱ ውስጥ በሙያው 3 ዓመት የመሥራት ግዴታ ይገባል። ሁለተኛ ደረጃ ለሚጨርሱ ልጆቻችሁ ከዚህ የተሻለ ዕድል በብዙ ትልልቅ ከተሞች አይገኝም።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ የተመዘገብኩ ነርስ ነኝ። ፈቃዴ እዚያ ይሠራል?

መልስ፦ ቨርጂኒያም ደቡብ ዳኮታም ግዛቶች የነርሶችን ፈቃድ በጋራ በሚያውቁበት ስምምነት ውስጥ ናቸው። ፈቃድዎ በብዙ ግዛቶች የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ወዲያውኑ ሥራ መጀመር ይችላሉ፤ ነገር ግን መኖሪያዎን ወደዚህ ካዛወሩ በ60 ቀናት ውስጥ ለደቡብ ዳኮታ ፈቃድ ማመልከት አለብዎት። ነርስ ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ የሰዓት ክፍያው ግን ከቨርጂኒያ ሊያንስ ስለሚችል ከኪራይና ከግብር ጋር አብረው ያስሉት።

ጥያቄ፦ ብርዱን እንዴት ትችሉታላችሁ?

መልስ፦ በጃንዋሪ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ሜዳውን ሰንጥቆ የሚመጣው ነፋስ ሲጨመርበት ከዜሮ በታች 30 የሚሰማበት ቀን አለ። በዚያን ቀን ያልተሸፈነ ጣትና ጆሮ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሚጎዳ ሕፃናትን አውቶቡስ ስታስጠብቁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መኪናችሁ ባትሪው ጥሩ፣ ጎማው ለበረዶ የሚሆን ይሁን፤ በውስጡም ብርድ ልብስና አካፋ አይጥፋ። ከተማው የበረዶ ማስጠንቀቂያ ባወጀ ጊዜ ደግሞ መኪና በመንገድ ዳር የት ማቆም እንደሚከለከል አጣሩ፤ ቅጣቱም መጎተቱም አይቀርም።

ስለ አውሎ ነፋስም ማወቅ ይገባል። በሴፕቴምበር 10 ቀን 2019 ወደ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ሦስት ቶርኔዶዎች ከተማዋን መትተው ቤቶችንና ሆስፒታል ሳይቀር ጎድተዋል። ሳይረን ስትሰሙ ወደ መስኮት አትሂዱ፤ ወደ ምድር ቤት ውረዱ። ምድር ቤት የሌለው አፓርታማ ስትከራዩ የት መጠለል እንደምትችሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የሚያስፈራኝ ብርዱ ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ማኅበር፣ እድር ይኖራል?

መልስ፦ ይህ ከሁሉም የላቀ ጥያቄ ነው። ከተማዋ ለቤተሰብ የምትሰጠው ጊዜንና ጥሪትን ነው፤ የምትነፍገው ደግሞ የተዘጋጀ ማኅበራዊ ኑሮን ነው። በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሲያትል ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ ገበያውም፣ ሠርጉም ሌላ ሰው ባቋቋመው ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ይቻላል። እዚህ ግን የእኛ ሰው ጥቂት ስለሆነ ያልሠራችሁትን አታገኙትም። ጸሎት ቤት የሚከራየው፣ ወንበር የሚደረድረው፣ ልጆችን አማርኛ የሚያስተምረው፣ ለቅሶ ቤት ምግብ የሚያደርሰው ሁሉ ያው ሰው ነው። አንድ ቤተሰብ ሲለቅ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ለዐቢይ በዓላት ብዙዎቻችን ወደ ሚኒያፖሊስ እንነዳለን፤ መንገዱ አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን በበረዶ ጊዜ ግን አይታመንም። ጥምቀት በብርዱ እምብርት ላይ ስለሚውል፣ ማልዶ ተነሥቶ ወደ ወንዝ መውረድ የለመደ ሰው በዚያ ቀን የአገሩ ናፍቆት ይጠናበታል።

በአንጻሩ ጥቂትነታችን ያስተማረን ነገር አለ። በትልልቁ ከተማ ሰው ከሚመስለውና ከሚስማማው ጋር ብቻ ሊውል ይችላል። እዚህ ግን የአንዱ እናት አገር ቤት ባረፈች ጊዜ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም፣ አማርኛ ተናጋሪውም ትግርኛ ተናጋሪውም በአንድ ሳሎን ይቀመጣል። ከ2020 ወዲህ በአገራችን የሆነው ነገር እዚህም ቅያሜ አምጥቷል፤ በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሰዎች ሰላምታ የተነፋፈጉበት ጊዜ ነበር። ቢሆንም ለቅሶ ላይ መገናኘት አልቀረም፤ መታረቅም በብዙው የተጀመረው ከዚያ ነው። ሰው የምታሰባስቡ፣ ቀድማችሁ በር የምታንኳኩ ከሆናችሁ ከተማዋ ትሞላላችኋለች። ሌላው እስኪጠራችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ክረምት ይከብዳችኋል።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ባይተዋር ይሆናሉ?

መልስ፦ አብዛኛው ነዋሪ ነጭ ነው፤ ይሁን እንጂ በሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ቋንቋዎች የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ እንግሊዝኛ ለሚማሩም ድጋፍ ይሰጣል። ሰፈር ይለያያል፤ ደቡቡና ሃሪስበርግና ቲ የተባሉት አጎራባች ከተሞች አዳዲስ ቤቶች ያሏቸው ሲሆኑ፣ የስደተኞች ልጆች በብዛት የሚገኙት ግን በመሐልና በሰሜን ምሥራቅ ባሉት ትምህርት ቤቶች ነው። ልጃችሁ በክፍሉ ብቸኛው ጥቁር እንዳይሆን የምትፈልጉ ከሆነ ይህን አስቡበት። ደስ የማይል ቃል የሚሰማበት ጊዜ አይጠፋም፤ መምህሩ ወላጁን በስም ስለሚያውቅ ግን ሄዶ መነጋገር ቀላል ነው። ልጆቻችሁ ስለዚህ ምድር የመጀመሪያ ባለቤቶች፣ ስለ ዳኮታና ላኮታ ሕዝቦች፣ እንዲማሩም አበረታቱ፤ ግዛቲቱ ከ1990 ጀምሮ በኮሎምበስ ቀን ፈንታ የእነርሱን ቀን ታከብራለች።

ጥያቄ፦ ጤፍ ይገኛል?

መልስ፦ ይገኛል፤ በሐበሻ ሱቆች እንጀራም ቅመምም አለ። ምርጫው ግን ውስን ስለሆነ ወደ ሚኒያፖሊስ የሄደ ሁሉ የጎረቤቱን ትእዛዝ ጭኖ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) አለ? ወላጆቼን ለማየትስ ወደ አዲስ አበባ ጉዞው እንዴት ነው?

መልስ፦ የግዛቲቱ ሕዝብ በኖቬምበር 2022 በሰጠው ድምፅ ሜዲኬይድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ልጅ ለሌላቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አዋቂዎችም ተከፍቷል፤ የኢሚግሬሽን ሁኔታችሁ ግን ይታያል። ለጉዞው ወደ ቺካጎ አጭር በረራ አለ፤ ከዚያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2018 ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ ይበራል። ጠዋት በረዶ ከጣለ የቺካጎው ግንኙነት ሊያመልጣችሁ ስለሚችል በክረምት በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፊ ጊዜ ተዉ።

ጥያቄ፦ ከሥራ ውጭ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ በበጋው ብዙ ነገር አለ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት የቢግ ሱ ወንዝ ፏፏቴ ሐምራዊ በሚመስል ጠንካራ ድንጋይ ላይ በመሐል ከተማው ይወርዳል፤ መግቢያው በነፃ ነው። ወንዙን ተከትሎ ከተማዋን የሚዞር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ። ከፏፏቴው አጠገብ ከ2019 ጀምሮ በየበጋው ነፃ የሙዚቃ ዝግጅት ይቀርባል። ልጆች ያሏት እናት ገንዘብ ሳታወጣ ቅዳሜን የምታሳልፍበት ቦታ መኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ አላገባሁም፤ በኡበር ነው የምተዳደረው። ልምጣ?

መልስ፦ ለአሁኑ አልመክርህም። የኡበር ገበያው ጠባብ ነው፤ የዕድሜ እኩዮችህና ልታገባ የምታስባት ልጅ የሚገኙበት ዕድልም ከሚኒያፖሊስ ወይም ከዴንቨር ያነሰ ነው። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣህ ወይም በቴክኒክ ኮሌጅ ለመማር ከወሰንህ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ መልሰህ ጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ ከመወሰናችን በፊት ለማየት በየትኛው ወር እንምጣ?

መልስ፦ በጃንዋሪ መጨረሻ ኑ። ጁን ላይ የመጣ ሁሉ ከተማዋን ይወዳታልና ለውሳኔ አይረዳም። መኪና ተከራይታችሁ ማለዳ በሥራ መግቢያ ሰዓት ንዱ፤ የከተማው አውቶቡስ ቅዳሜና እሑድ አገልግሎቱ ውስን ስለሆነ ያለ መኪና መኖር አስቸጋሪ መሆኑን ያን ጊዜ ትረዳላችሁ። እሑድን ከእኛ ማኅበረሰብ ጋር አሳልፉ፤ በክረምቱ የሚሰበሰበው ሰው ቁጥር ከማንኛውም መልሴ በላይ ይነግራችኋል። ሁለታችሁም አዋቂዎች መምጣታችሁን አትተዉ፤ አንዱ ብቻ አይቶ የወሰነበት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲሄድ አይቻለሁ።